ዕዳዋን ለመጨረስ የቸኮለችው ደሜ

ደሜ ቢቂላ ወንድሟን ያደሳን ለቤት ምዝገባ የወሰደችው እየጎተተች ነበር ማለት ይቻላል። ልጁ ገና መታወቂያ ማውጣቱ ነው፤ ሐሳቡ ሁሉ ኳስ ላይ ነበር። የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተከፈተ በተባለ ሰሞን ከተማው በሙሉ ሰልፍ ላይ ውሎ ሰልፍ ላይ ያመሽ ነበር። ደሜም እንደ ብዙ ሰው አስባ፣ አንድ ስም አንድ ዕድል፣ ሁለት ስም ሁለት ዕድል ብላ፣ የራሷንም የወንድሟንም ስም አስመዘገበች። በየወሩ ለሁለቱም ስም ቁጠባውን የምታስገባው ግን እሷው ብቻ ነበረች። ያደሳ ሰልፉ ሰልችቶት፣ «እታለም፣ በማንም ስም ቢወጣ ያው ያንቺ ነው፤ እኔን ቤት ምን ያደርግልኛል?» አላት። እሷም ሳቀች። በሁለቱ መካከል የነበረው ውል ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ውል ኖሮ አያውቅም።

ደሜ ጦር ኃይሎች ሰፈር፣ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር በተከራየቻት ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እናታቸው ስትሞት ያደሳ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። የልጇ የሌሊሴ አባት ለሥራ ብሎ ጅማ ወርዶ እዚያው ሌላ ትዳር ከያዘ በኋላ፣ ሦስቱ ኮልፌ ውስጥ አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይተው ኖሩ። አከራያቸው ውኃ አበዛችሁ፣ መብራት አብርታችሁ አመሻችሁ፣ እንግዳ አመጣችሁ እያለች የምትነዘንዝ ሴት ነበረች። ሌሊሴ ሕፃን ሆና ስታለቅስ ደሜ አፏን በእጇ የምትሸፍንበት ጊዜ ነበር። የሰው ቤት ውስጥ ልጅ እንኳ እንደልቡ አያለቅስም ትላለች።

ዓመታት አልፈው ዕጣ ሲወጣ የደሜ ስም የለም። የያደሳ ስም ግን ነበረ። ከቤቴል ወደ ታች፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ደሜ እልል አለች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ወልደሰንበት መርቀው ሲወጡ በር ላይ ጠጋ አሏትና፣ ወረቀት ቢጤ አጻፊ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሚበት፣ ለክፉ አይሰጥም ብለው መከሯት። ደሜ ተቀየመቻቸው። በእጇ ያጎረሰችውን ልጅ በምስክር ፊት አስፈርሚው መባሉ ስድብ መስሎ ታያት። ጨርቅ ስትገዛ እንዳትታለል ሁለቴ የምታስለካ ሴት፣ ለቤቷ አንዲት ፊርማ አላስፈለጋትም።

ስለ ያደሳ ደግሞ እውነቱ ይነገር። ቤቱን ሲረከቡ ግድግዳው ያልተለሰነ፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነበር። አሸዋውን በማዳበሪያ እያደረገ አራት ፎቅ ድረስ በጀርባው ያወጣው ያደሳ ነው። ወገቡን እየያዘ ይወርዳል፣ እየሳቀ ይወጣል። የሌሊሴ አልጋ የምታርፍበትን ጥግ የመረጠው እሱ ነው። ያኔ ክፉ ሐሳብ ነበረው የሚል ሰው ካለ ይዋሻል፤ ክፋት ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አይጀምርም።

የቤቱ ዋጋ ሃያ በመቶ በቅድሚያ ከዕቁብና ከዩኒፎርም ገንዘብ ተከፈለ። የቀረውን ባንኩ ለሃያ ዓመት በየወሩ እንዲከፈል አድርጎ አበደረ፤ ተበዳሪው በወረቀት ያደሳ ነው፣ ከፋይዋ ደሜ ናት። ሃያ ዓመት የሚለውን ስትሰማ ጭንቅ ያዛት። እሷ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታት፣ ሌሊሴ ወልዳ ከብዳ፣ ይህ ዕዳ አሁንም አለ ማለት ነው። ዕዳ ይዤ አልሞትም፣ ለልጄም ዕዳ አላወርስም ብላ ለራሷ ማለች።

የዩኒፎርም ሥራ ገንዘቡ የሚመጣው በአንድ ወቅት ነው። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም ሱቋ ውስጥ መቆሚያ የለም። ከዚያ በኋላ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው። በመጀመሪያው ዓመት መስከረም ላይ ያገኘችውን ጠቅልላ ወሰደችና ለዕዳው አስገባች። ዕዳው ቁርጥ ብሎ የቀነሰ መስሏት ነበር። ወራት ቆይታ ብታስጠይቅ፣ ትርፍ የከፈለችው ሁሉ ለሚቀጥሉት ወሮች እንደ ቅድመ ክፍያ ተይዞ፣ በየወሩ እየተቆረሰ ሲሄድ ቆይቷል። ራኬብ የምትባለው የባንኩ ሠራተኛ አስቀምጣ አስረዳቻት። ትርፉ ከዋናው ዕዳ ላይ ይቀነስልኝ ተብሎ በማመልከቻ ካልተጠየቀ በቀር እንዲሁ ነው የሚያዘው፤ ማመልከቻው ላይ የሚፈርመው ደግሞ ተበዳሪው ነው።

ደሜ ለያደሳ ደወለች። ያደሳ የሜትር ታክሲውን አቁሞ መጣና ፈረመ። በየዓመቱ መስከረም ላይ እየመጣ ይፈርማል። ለባንኩ እንዲህ የፈረመ ወንድም ለእህቱ አልፈረመም፤ ማን ጠይቆት!

ከዚያ ወዲያ ደሜ የባንክ ሰው ሆነች ማለት ይቻላል። ወለዱ በየቀኑ በቀረው ዕዳ ላይ እንደሚታሰብ ካወቀች ጀምሮ የወሩን ክፍያ እስከ መጨረሻው ቀን አታቆይም፣ ወሩ በገባ ማግስት ትከፍላለች። የዩኒፎርሙን ገንዘብ እንደ ድሮው ለገና በግ፣ ለጥምቀት ልብስ ብላ አታስቀምጥም፤ መስከረም ሳያልፍ ከዋናው ላይ ታስቀንሳለች። አንድ ብር ዛሬ ከገባ ነገ አይወልድብኝም ትላለች። ለጎረቤቶቿም ታስተምር ነበር። እነሱ ፊት ለፊቷ አዎ አዎ ብለው ዞር ሲሉ ፍሪጅ ይገዛሉ።

ፍሪጅ የሌለው ቤት የደሜ ነው። ዓይኗ መድከም ሲጀምር መነጽር ታዘዘላት፤ ከአንዱ መስከረም ወደ ሌላው ስታሸጋግረው ሳትገዛው ቀረች። የሌሊሴን ዩኒፎርም የምትሰፋው ከደንበኞች በተረፈ ቁራጭ ነው። አንድ ዓመት ቁራጩ ከሁለት ጥቅልል ጨርቅ ሆኖ ቀኝ እጅጌው ከግራው ጠቆር አለ። ልጆች ሳቁባት። ሌሊሴ ማታ ስታለቅስ ደሜ፣ ቤታችን ሲያልቅ አዲስ እገዛልሻለሁ አለቻት። ቤታችን ሲያልቅ የምትለው ቃል ለዚያች ልጅ የሁሉ ነገር መልስ ሆና ቀረች፤ ለጫማው፣ ለትምህርት ቤቱ ጉዞ፣ ለልደቱም። ልጅቷ ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ተወችው፤ ደሜ ይህን ጨዋነት ነው ብላ ተደሰተች።

አንድ ዓመት ሥራው ቀዘቀዘ። ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርሙን በጅምላ ለፋብሪካ እየሰጡ ነበር። መስከረም ደርሶ የምታስገባው ስታጣ የራሷ ስም ትዝ አላት። በስሟ የተመዘገበችበት ቁጠባ ባንክ ተቀምጧል፣ ዕጣም አልደረሳትም። ገንዘቡን ካወጣች ምዝገባው እንደሚሰረዝ ተነግሯታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር፤ ቤት ያላቸው ሰዎች ሁለተኛ ዕጣ ሲጠብቁ ያየችው ስንቱን ነው። ደሜ ግን ቤት እያለኝ የቤት አልባ ዕድል አልሻማም አለች። ይህን ያለችው ለማንም ለማስመሰል አልነበረም፤ አምናበት ነው። ገንዘቡን አውጥታ፣ ስሟን አሰርዛ፣ ለዕዳው አስገባች። ለያደሳም አልነገረችውም። ማመልከቻውን እንደ ወትሮው ከሥራዋ የመጣ ገንዘብ ነው ብሎ ፈረመላት።

በዚህ መሐል ያደሳ ኤልሻዳይን አግብቶ ነበር። ኤልሻዳይ ክሊኒክ የምትሠራ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ቤቴል ውስጥ ይከራያሉ፣ አከራይ ይጨምርባቸዋል፣ ይለቃሉ፣ ሌላ ይከራያሉ። ልጅ ሲወለድ የልጁን አልጋ እየፈታቱና እየገጣጠሙ ከቤት ቤት ዞሩ። ደሜ ታዝናለች፤ ገንፎ ሠርታ ትሄዳለች፣ ለልጁ ልብስ ትሰፋለች። የእነሱ መንከራተት ከእሷ ቤት ጋር ዝምድና እንዳለው ግን አልታያትም። ከኪራይ ቤት ከወጣች ወዲህ የኪራይ ቤት ሰው ምን እንደሚያስብ ረሳችው፤ እሷ ራሷ ያንን ሁሉ ዓመት አስባው የኖረች ሴት!

ያለፈው ዓመት ያደሳ መምጣት አበዛ። ሲመጣ ስለ ዕዳው ይጠይቃል፤ ምን ያህል ቀረ፣ መቼ ያልቃል። ደሜ ደስ አላት። ወንድሜ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው ብላ ለሌሊሴ ነገረቻት። እንዳሰበችውም ሆነ። አንድ ቅዳሜ ያደሳ ጠቀም ያለ ገንዘብ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣ። የቀረውን ዕዳ ከነወለዱ የሚዘጋ ነው። ደሜ ከየት አመጣኸው ስትለው ዕቁብ ደረሰኝ አለ፤ አላያትም፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠው መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየ።

ደሜ አለቀሰች። ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ዘሎ ተነሣ፤ ተይ፣ ተይ እባክሽ አለ። ትህትና መሰላት። ሰኞ ጠዋት ባንኩ ሳይከፈት በር ላይ ደርሳ ነበር። ራኬብ ቆጥራ ተቀብላ፣ ሂሳቡን ዘጋችና እንኳን ደስ አለዎት አለቻት። አንድም ጊዜ ያን ያህል ቀሏት አያውቅም። ሃያ ዓመት የተባለውን በስድስት ዓመት ተገላግላለች። ያን ዕለት ሱቋን ዘግታ ሥጋ ገዛች፤ ለሌሊሴ ጫማ ገዛች። ማታ እናትና ልጅ ሬዲዮ ከፍተው ጮክ ብለው ሳቁ።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንድ ጎልማሳ ከአንድ አናጺ ጋር በሩን አንኳኳ። አቶ መሸሻ እባላለሁ አለ፤ መርካቶ የሚነግድ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው ነው። ኩሽናው ውስጥ ካቢኔት ለማሠራት ልለካ ነው የመጣሁት አላት። ደሜ በር የተሳሳተ መስሏት ሳቀች። ሰውየው ግን የብሎኩንም የቤቱንም ቁጥር ጠራ፣ የያደሳንም ስም ጠራ። አለማወቋ ሲገባው እሱም ደነገጠ።

«እኔ እኮ ቀብዱን ከከፈልኩ ቆየሁ» አለ። «ዕዳ አለበት፣ ካርታው ባንክ ነው ሲለኝ፣ ይዝጋበት ብዬ ነው አስቀድሜ የሰጠሁት። አልነገረሽም?»

በፌስታል የመጣው ገንዘብ ዕቁብ አልነበረም። የገዛ ቤቷን ቀብድ በገዛ እጇ ተሸክማ፣ ተሰልፋ፣ ባንክ ያስገባችው እሷ ናት። ያውም አልቅሳ አመስግናበት! ጉልበት ልትስምበት!

ያደሳ ስልክ አላነሣም። በመጨረሻ አቶ ወልደሰንበት ኤልሻዳይን አግኝተው በሽማግሌ አስጠሩት። ደሜ ቤት ተሰበሰቡ፤ አቶ ወልደሰንበት፣ በያደሳ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ያደሳና ኤልሻዳይ። ሌሊሴ መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። አቶ ወልደሰንበት ያኔ ወረቀት አጻፊ ብዬሽ ነበር አላሉም፤ ማለት ይችሉ ነበር። ያደሳ ከስቷል። መጀመሪያ መሬት መሬቱን እያየ፣ በኋላ ግን ቀና ብሎ ተናገረ።

«እታለም አሳድጋኛለች። ይህን የሚክድ ምላስ የለኝም» አለ። «ግን እኔም የሰጠሁት ስም ነው። አንዴ ዕጣ የወጣለት ሰው ሁለተኛ አይመዘገብም። ተመዝገብ ሲባል ሄድኩ፤ አንተ ቤት አለህ አሉኝ። የታል ቤቴ? ልጄን ይዤ ከሰው ግቢ ሰው ግቢ ስዞር አይታለች። ያወጣችውን ብር አንድ ሳይቀር እመልስላታለሁ። የእሷ ስም ደግሞ አሁንም ተመዝግቦ አለ፤ ተራዋ ሲደርስ ቤቷን ታገኛለች። የኔ ነው የተቃጠለው።»

በእሱ በኩል የመጡት ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረማ። ሁሉም ወደ ደሜ ዞሩ።

«የኔ ስም የለም» አለች ደሜ።

«እንዴት የለም?»

«ገንዘቡን አወጣሁት። ላንተ ዕዳ ከፈልኩበት።»

ዕዳውን ያንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ኤልሻዳይ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ያደሳ መቼ ብሎ ጠየቀ፤ እሷ የፈረምክበትን ዓመት አስታውስ አለችው። የያደሳ እንባ መጣ፤ የውሸት እንባ ነው ለማለት ይከብዳል። ግን እንባው ምንም አልፈየደም። ሽያጩን አፍርስ ሲሉት፣ ውል ያፈረሰ ሻጭ የተቀበለውን ቀብድ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፣ እጥፉ ቀርቶ ራሱን ቀብዱን እንኳ ከየት አምጥቼ ነው አለ። ቀብዱ ዕዳ ተከፍሎበታል። የከፈለችው ደሜ ናት።

ሽማግሌዎቹ እስኪመሽ ቢደክሙም ከብር መመለስ ሌላ የሚበይኑት አላገኙም። እሺ፣ ብሩ ይመለስ ተባለ። ከስድስት ዓመት ጀምሮ በየወሩ የተከፈለ ብር፣ ያኔ ቤት ይገዛ የነበረ ብር፣ ዛሬ ቢደመር በዚያው ሰፈር የዓመት ኪራይ ቢሸፍን ነው። የቤት ኪራይ ሲከፍሉ የኖሩ ይመስል! ሽማግሌዎቹ ሌሊሴን ከመኝታ ክፍል ጠርተው ተሰናበቷት። ልጅቷ አጎቷን ሳመችው፤ ደሜ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እሷን የመነጠራት ግን አለመጠርጠሯ ብቻ ሳይሆን ትጋቷም ነው፤ ይህ ነው ያንገበገባት።

በማግስቱ ሱቅ መክፈት አቅቷት ወደ ባንኩ ሄደች። ተራዋን ጠብቃ ራኬብ ፊት ተቀመጠች። ራኬብ እንደ ወትሮው ፈገግ ብላ ሌላ ብድር ፈልገው ነው እንዴ አለቻት። ደሜ ነገሩን ሁሉ ነገረቻት፤ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ እስኪመስል ድረስ። ከዚያ ሰው ባንክ ገብቶ ጠይቆት የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀች። ዕዳው ተመልሶ መከፈት ይችላል ወይ? በየወሩ እከፍላለሁ፣ ትርፍም አላስገባም፣ ሃያ ዓመቱንም እቆያለሁ አለች።

ራኬብ አልሳቀችም። የተዘጋ ዕዳ እንደማይከፈት፣ አዲስ ቢጠየቅ እንኳ መጠየቅ የሚችለው ባለስሙ እንደሆነ ነገረቻት። ባለስሙ ደግሞ ዕዳው በተዘጋ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ካርታውን ፈርሞ ወስዷል። ዕዳው ሳይዘጋ ቢመጣ ማንም አይሰጠውም ነበር። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ቤቷን ሲጠብቅላት የኖረው ያ ስታሳድደው የኖረችው ዕዳ ነበር። ወንድሟም፣ ሽማግሌም፣ ሕግም ያልጠበቁላትን እሱ ጠብቆላት፣ እሷ መነጽሯን፣ የልጇን እጅጌ፣ የራሷን ስም ከፍላ ገደለችው።

«ራኬብዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ትንሽ አስቀርቼ ቢሆን ኖሮስ? መቶ ብር ብቻ?»

«መቶ ብርም ዕዳ ነው፣ እትዬ ደሜ» አለች ልጅቷ፤ ዓይኗን ከጠረጴዛው ላይ ሳታነሣ። «መቶ ብር ቢቀርብዎት ኖሮ ካርታው አይወጣም ነበር።»

ደሜ ራሷን ነቀነቀች። ከኋላዋ ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ፣ ቦርሳዋን አንሥታ ወንበሩን ለቀቀችላቸው።